በጣና ሞገድ አምፖል ማብራት፦ ሦስተኛው ሙከራዬ

ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ጣና ላይ ያንሳፈፍኩት ቢጫ ጄሪካን መብራት አበራ። ሞገዱ ሲያነሳው ቀይዋ፣ ሲያወርደው አረንጓዴዋ ትንሽ የኤልኢዲ (LED) አምፖል ብልጭ ትላለች። ለዚች ብልጭታ አራት ወር ለፍቻለሁ። የት የት እንደተሳሳትኩ ልንገራችሁ፤ እናንተ ቶሎ ትደርሱበታላችሁ።

ዕቃው ቀላል ነው። የፕላስቲክ ቱቦ ላይ የመዳብ ሽቦ ጠመጠምኩ። ቱቦው ውስጥ ከአሮጌ ስፒከር ያወጣሁትን ማግኔት በስፕሪንግ አንጠለጠልኩ። ቤት ውስጥ በእጄ ስንጠው አምፖሏ ቦግ አለች። በደስታ ወደ ሐይቁ ሮጥኩ። ምንም የለም።

«ጧት ጣና ይተኛል፤ ከሰዓት፣ ነፋሱ ሲነሳ ና» አሉኝ አንድ ባለጀልባ ጋሼ። ከሰዓት ተመለስኩ። ጄሪካኑ ሲወጣ ሲወርድ ዋለ፤ አምፖሏ ግን ጭል አላለችም።

ነገሩ የገባኝ ከብዙ ቀን በኋላ ነው። ሞገዱ ጄሪካኑን ሲያነሳው ማግኔቱም አብሮ ይነሳል። ማግኔትና ሽቦ አብረው ከተጓዙ ኤሌክትሪክ የለም። አንዱ ሲሄድ ሌላው መቆም አለበት። ውቅያኖስ ላይ የሚንሳፈፉት ትልልቅ መሣሪያዎችም ይሄው ጣጣ አለባቸው። አንዳንዶቹ ከባሕሩ ወለል ጋር ይታሰራሉ። ሌሎቹ ከሥራቸው ሰፊ ሳህን ያንጠለጥላሉ፤ ውኃው ሳህኑን ይዞ ያስቀረዋል።

እኔ ድንጋይ መረጥኩ። ማግኔቱን በገመድ ሐይቁ ወለል ላይ ካለ ድንጋይ ጋር አሰርኩት። ከላይ ደግሞ ስፕሪንጉን አውጥቼ በብስክሌት ከመነዳሪ ወጠርኩት፤ አለበለዚያ ጄሪካኑ ሲወርድ ገመዱ ይላላል።

አሁንም ጨለማ! ሁለተኛው ስህተቴ ፍጥነት ነበር። በስልኬ ስቆጥር 20 ሞገድ በ40 ሰከንድ አለፈ። ስለዚህ አንዱ ሞገድ 2 ሰከንድ ይፈጃል። የእጄ ንቅናቄ ከዚያ አራት እጥፍ ይፈጥናል። ቮልቴጁ የሚመጣው ከፍጥነቱና ከሽቦው ዙር ብዛት ነው። ሞገዱን ማፋጠን አልችልም፤ ዙሩን ግን ከ300 ወደ 1,200 አሳደግኩት። ጣቴ ቆስሏል፤ ግን በራ።

ጉልበቱን ለመገመት የሚጠቅም ቀመር አለ፦ የሞገዱ ከፍታ በሜትር ሲባዛ በራሱ፣ ሲባዛ በሰከንዱ፣ ከዚያ ግማሹ። ውጤቱ በአንድ ሜትር ወርድ ስንት ኪሎዋት እንደሚያልፍ ይነግራል። 2 ሜትር ከፍታና 8 ሰከንድ ያለው የውቅያኖስ ሞገድ 16 ኪሎዋት ይሰጣል። የእኔ 20 ሳንቲሜትርና 2 ሰከንድ ግን 40 ዋት ብቻ ነው። 400 እጥፍ ልዩነት! ከፍታው በራሱ ስለሚባዛ ትንሽ ሞገድ በጣም ትንሽ ነው።

ቢሆንም ትንሹን የናቀ የለም። ጃፓናዊው ዮሺዮ ማሱዳ በሞገድ ጉልበት ያበራው የባሕር መንገድ ጠቋሚ ተንሳፋፊ መብራት ነበር። እኔም ምኞቴ ማታ በታንኳ ለሚመለሱ ዓሣ አጥማጆች የጀልባ ማቆሚያው ጫፍ ላይ አንድ መብራት ማኖር ነው።

ለዚያ ባትሪ መሙላት አለብኝ። ማታ ነፋሱ ይተኛላ። ሞገዱ ሲወጣና ሲወርድ የኤሌክትሪኩ አቅጣጫ ይገለበጣል። ሁለቱ አምፖሎች በተቃራኒ አቅጣጫ ስለተገናኙ ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) አላስፈለገኝም ነበር፤ ባትሪ ለመሙላት ግን ያስፈልጋል። አራት ተራ ዳዮድ ባደርግ 1.4 ቮልት ገደማ ይበሉብኛል። ሾትኪ የሚባለው ዓይነት የሚበላው በጣም ያነሰ ነው፤ በአሮጌ የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ውስጥም ይገኛል። ባሕር ዳር ያላችሁ፣ የተቃጠለ ፓወር ሰፕላይ ካላችሁ አትጣሉት፤ መጥቼ እወስዳለሁ።