«ማነው? ግቡ!»

ሰሞኑን አጭር ፊልም ስንቀርጽ ክላፐር፣ ማለትም የሲኑ (የትዕይንቱ) ቁጥር የሚጻፍበትንና ከላይ ሁለት እንጨት የሚጋጭበትን ሰሌዳ፣ የምመታው እኔ ነበርኩ። ሲኑ ከባድ ነው፤ አባት ሊሞቱ ሲሉ ለልጃቸው በሹክሹክታ ይናዘዛሉ። ችግሩ ከቆርቆሮው አጥር ማዶ አንዲት እማማ አሉ። ክላፐሩን «ጧ!» ባደረግኩ ቁጥር በራቸው የተንኳኳ እየመሰላቸው «ማነው?» ይላሉ። ዝም ስንል ደግሞ «ግቡ እንጂ፣ ክፍት ነው!»

ክላፐሩን እንዳንተወው ምስሉ በካሜራ፣ ድምፁ ለብቻው በመቅጃ ነው የሚቀዳው። ኤዲተር ሁለቱን የሚያገናኘው እንጨቶቹ የተጋጩበትን ፍሬም (ነጠላ ምስል) በድምፁ መስመር ላይ ሽቅብ ከተተኮሰው ሹል ጋር እያጋጠመ ነው። የምንቀርጸው በሴኮንድ 25 ፍሬም ስለሆነ አንዱ ፍሬም 40 ሚሊሴኮንድ ይይዛል። አራት አምስት ፍሬም ከተዛነፈ ከንፈርና ቃል ይጣላሉ።

ቅደም ተከተሉ አይዛባም። መጀመሪያ የድምፅ መቅጃው ይነሳል፣ ከዚያ ካሜራው፣ ከዚያ እኔ ሲኑንና ቴኩን (ስንተኛ ሙከራ እንደሆነ) ጮክ ብዬ ጠርቼ እመታለሁ። ሰሌዳው የካሜራውን እይታ መሙላትና ፎከስ ውስጥ መግባት አለበት። መብራት ካንጸባረቀበት ጽሑፉ ስለማይነበብ ፊቱን ትንሽ ወደ መሬት ዘንበል ማድረግ ነው። ሾት (ካሜራው የሚያይበት አቅጣጫ) በተቀየረ ቁጥር በሲኑ ቁጥር ላይ ፊደል እንጨምራለን፤ 12ሀ፣ 12ለ እያልን። ከ12ለ በኋላ ግን ወደ 12መ እንዘላለን፤ ሐ በጆሮ ሲሰማ ያው ሀ ነውና ኤዲተሩ ያብዳል። ፈረንጆቹም 1 እና 0 ስለሚመስሉ «አይ» እና «ኦ» የሚባሉትን ፊደሎቻቸውን ይዘላሉ።

ተዋናይ አፍንጫ ሥር ሲሆን ቀስ ተብሎ ነው የሚመታው። እሱንም ሞከርኩ። እማማ ጆሯቸው ይባረክ፣ «ማነው? ምነው ፈራህ፣ ግባ!» አሉ። በአልጋው ላይ ያሉት ሟች በሳቅ ተንፈቀፈቁ።

ዳይሬክተሩ ተስፋ ቆርጦ «በቃ መጨረሻ ላይ ምታው» አለኝ። ይህ ያለና የሚሠራበት ነገር ነው። ትወናው ያልቃል፣ ካሜራው ሳይጠፋ ሰሌዳው ተዘቅዝቆ ይገባና ይመታል። የሚዘቀዘቀውም ኤዲተሩ ምልክቱ የሚቀጥለው ሳይሆን ያለፈው ሾት መሆኑን እንዲያውቅ ነው። እማማም ከትወናው በኋላ የፈለጉትን ቢሉ ማንንም አይጎዱም። በሰላም ጨርሰን ፋይሉን ላክን።

በማግስቱ የኤዲተሩ አዲስ ረዳት ደወለ።

«ወንድሜ፣ ካሜራማናችሁን ምን ነካው? ሁሉንም ገልብጦ ነው የቀረጸው! ግን አታስቡ፣ ሌሊቱን አድሬ አቃንቼዋለሁ።»

ልጁ የእያንዳንዱን ክሊፕ መጨረሻ ብቻ ነበር ያየው፤ እዚያ ደግሞ ስክሪኑን የሞላው የተዘቀዘቀው ሰሌዳ ነው። የላከልንን ከፈትን። አባት ከነአልጋቸው ጣሪያ ላይ ተለጥፈው ይናዘዛሉ፣ ልጃቸው እንደ ሌሊት ወፍ ተንጠልጥሎ ያለቅሳል፣ እንባውም ወደ ላይ ይፈሳል። በመላው ፊልም ቀጥ ብሎ የሚነበብ ነገር ቢኖር የእኔ ክላፐር ብቻ ነው።