«ይሄማ ከላይ የመጣ ነው»

ደሴ ዙሪያ የሠራ ጂኦሎጂስት አንድ ነገር ቶሎ ይገባዋል። አገሩ ውብ ነው፣ ቁልቁለቱ ግን አይታመንም። ከተማዋ ራሷ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መካከል በሰመጠ መሬት ላይ ነው የተቀመጠችው። ድንጋዩ በአብዛኛው ባዛልት፣ ማለትም ቀዝቅዞ የጠነከረ ላቫ ነው፤ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እየፈሰሰ ተራ በተራ የተነባበረ። በንብርብሮቹ መሃል የላላ አመድና ቀይ አፈር ይገኛል። ክረምት ሲገባ ውሃው እዚያ ይሰርጋል፤ ጣጣው የሚጀምረውም ከዚያ ነው።

ለአንድ የገጠር መንገድ ጥናት ወደዚያው ወጥተን ነበር። ሥራችን መንገዱ በሚያልፍበት ሸንተረር ላይ ያለውን ድንጋይ ካርታ ላይ ማስፈር ነው። የቱ ጠንካራ ነው፣ የቱ የላላ ነው፣ የቱ ይቆረጣል፣ የቱ ጭራሽ አይነካም። ወሩ ኅዳር ነው። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ገበሬው አጨዳ ላይ ነው። ለመስክ ሥራ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም።

አብሮን አንድ ጎበዝ ወጣት ነበር፤ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ብዙም አልቆየም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እያለከለከ መጣና «ፎልት ሳላገኝ አልቀረሁም!» አለን። ፎልት ማለት ድንጋዩ ተሰብሮ ሁለቱ ወገን የተንሸራተተበት ስንጥቅ ነው። ወሰደን። እውነትም ቤት የሚያክል ባዛልት ከነንብርብሩ ወደ ተራራው 35 ዲግሪ አጋድሏል። እስከዚያ ድረስ የሄድንበት ንብርብር በሙሉ ጠፍጣፋ ለማለት ይቻል ነበር። ጠፍጣፋ የነበረ ነገር ድንገት እንዲህ ካጋደለ መሃሉ ላይ ስብራት አለ ብሎ ማሰብ ተገቢ ነው።

አለካኩን አየሁት፤ የሚነቀፍ አልነበረም። ድንጋዩ ሸካራ ስለሆነ ደብተሩን አስደግፎ ነው የለካው፣ ያውም ከአንድ በላይ ቦታ። ኮምፓሱን ከመዶሻው አርቆ ነው የያዘው። ባዛልት ላይ ይሄ ብቻውን አይበቃም። ድንጋዩ ራሱ ማግኔታይት የሚባል የብረት ማዕድን ስላለው መርፌውን ይስባል፤ መብረቅ የመታው የተራራ ጫፍ ላይ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ወደ አንድ ምልክት አነጣጥራችሁ አንብቡ፣ ከዚያ ምልክቱ ጋ ሄዳችሁ ወደ ነበራችሁበት መልሳችሁ አንብቡ። የሁለቱ ልዩነት 180 ዲግሪ ካልሆነ ከቦታዎቹ አንዱ ኮምፓሱን እያሳሳተው ነው። ልጁ ይህንንም አድርጎ ነበር። ቁጥሩ ትክክል ነው።

እየተነጋገርን ሳለ አንድ አዛውንት ማጭዳቸውን እንደያዙ ከማሳቸው ወጥተው መጡ። እንደ አገሩ ወግ ሰላምታው ረዘም አለ። ከብቱን፣ ቤቱን፣ ጤናውን ተጠያየቅን።

«ምን ጠፍቷችሁ ነው ልጆቼ?»

«ድንጋዩን እያየን ነው አባባ።»

«ይሄን? ይሄማ ከላይ የመጣ ነው።» ማጭዳቸውን ወደ ገደሉ ቀሰሩ። «አባቴ ነው የነገረኝ። በአንድ ክረምት ሌሊቱን ሲያጓራ አደረ፤ ሲነጋ መሬቱ ከነዛፉ እዚህ ቁጭ ብሏል።»

ወጣቱ ዝም አለ፤ ፊቱ ላይ ግን ጥርጣሬ ነበር። አልፈረድኩበትም። ቤት የሚያክል ድንጋይ ንብርብሩ ሳይበተን ይወርዳል ቢባል ለማመን ይከብዳል። ደግሞም የአገሬው ሰው የነገረንን እንዳለ ካርታ ላይ አናሰፍርም። የት እንደምናይ ነው የሚጠቁመን፤ ማየቱ የኛ ፈንታ ነው።

በማግስቱ በጠዋት ከማዶ ካለው ሸንተረር ወጣን። መዶሻ ከመነሳቱ በፊት ራቅ ብሎ ማየት የዚህ ሙያ ግማሹ ነው ብዬ አምናለሁ። ቁጭ ብለን በእርሳስ ነደፍነው። ገደሉ ላይ የማንኪያ ቅርጽ ያለው ጎድጓዳ ጠባሳ አለ፣ ከሥሩ ደግሞ ያ ድንጋይ። ትናንት አፍንጫችንን አስጠግተን ስንለካ ይሄ ሁሉ አልታየንም ነበር።

ከዚያ ገደሉ ጋ ወጣን። ባዛልቱ ሥር አንድ ስንዝር የሚሆን ቀይ አፈር አለ፤ ትኩሱ ላቫ ሲፈስበት የተቃጠለ። ከቀዩ በታች ያለው ባዛልት በትንንሽ ቀዳዳ የተሞላ ነው። ቀዳዳዎቹ ውስጥ ነጭ ማዕድን አለ፤ በማጉያ ሌንስ ሲታይ እንደ መርፌ የቀጠኑ ክሪስታሎች ከግድግዳው ወደ መሃል በቅለዋል፣ ዚዮላይት ነው። ይህ ተርታ ጠባሳው ጠርዝ ላይ ሲደርስ ድንገት ይቋረጣል። ታች ወረድን። ያው ቀይ አፈር፣ ከሥሩ ያው ነጭ የሞላው ባዛልት፣ ከነውፍረቱ፣ ድንጋዩ ውስጥ አጋድሎ ተገኘ። የባዛልቱ ምሰሶዎችም ተናገሩ። ምሰሶ ድንጋይ ላቫው ከቀዘቀዘበት ገጽ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ሠርቶ ነው የሚሰነጠቀው፤ ስለዚህ ጠፍጣፋ ላቫ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ገደሉ ላይ ያሉት ቀጥ ብለዋል፣ የታችኞቹ አናታቸውን ወደ ተራራው ጥለዋል። መሬቱ ሲንሸራተት ወደ ኋላ ዞሯል ማለት ነው።

ወጣቱ ደብተሩን አውጥቶ «ፎልት» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዘ። አላጠፋውም፤ ከጎኑ ቀን ጽፎ ምክንያቱን አስቀመጠ። በጣም ደስ ያለኝ ይሄ ነው። የመስክ ደብተር ላይ የታየው ለብቻ፣ የታሰበው ለብቻ ይጻፋል። ሐሳብ ይለወጣል፤ 35 ዲግሪው ግን ዛሬም 35 ዲግሪ ነው።

ለአዳዲስ ልጆች ሁልጊዜ የምለው አለኝ። ኮምፓስ ከማውጣታችሁ በፊት ድንጋዩ ቦታው ላይ ነው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ስንጥቆቹ ወደ ተራራው ውስጥ ይቀጥላሉ ወይ? በአቅራቢያው ያለው ወንዝ የሸረሸረው ግድግዳ ላይ ያው ድንጋይ በዚያው አቅጣጫ አለ ወይ? ዛፎቹንም እዩ። እዚያ የነበሩት ያረጁ ወይራዎች ሥራቸው አካባቢ አጋድለው ወደ ላይ ሲሄዱ ቀጥ ብለዋል፤ መሬቱ ካጋደላቸው በኋላ ቀና ብለው አድገዋል ማለት ነው።

ገበሬውን ስትጠይቁ ደግሞ «እዚህ የመሬት መንሸራተት አለ?» አትበሉ፤ እንግዳ ላለማሳፈር «አዎ» ይባላል። የሚያውቁትን ጠይቁ። እኛ አባባን «ይሄ ካብ መቼ ተሠራ?» አልናቸው። «ካቡ የቆየ ነው፤ ያችኛዋን ጫፍ ግን በየክረምቱ እጠግናታለሁ፣ ሆዷ ይነፋል» አሉ። ምንጩ የት እንደሚፈልቅ ጠየቅን። ነሐሴ ላይ ብቻ የሚወጣ ውሃ ከድንጋዩ ግርጌ አሳዩን። መሬቱ ዛሬም እየሄደ ነው ማለት ነው።

ነገሩ ከባድ የሆነው እዚህ ጋ ነው። የመንገዱ መስመር የተሠመረው በዚያው ግርጌ በኩል ነበር። የተንሸራተተ መሬት ግርጌው ከተቆረጠ ደጋፊውን ያጣል። ፎልት ብለን አልፈነው ቢሆን ዶዘሩ እዚያ ይገባ ነበር፣ ከሥሩ ደግሞ ሰው የሚኖርባቸው ቤቶች አሉ።

ድንበሩን በጂፒኤስ ዞረን ያዝነው። ወደ ካርታ ስናስገባ አንድ ጥንቃቄ ነበረ። የቆዩት ባለ 1:50,000 ካርታዎቻችን የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው የቦታ መለኪያ መነሻ (ዳተም) ነው። ጂፒኤሱ ቅንብሩ ካልተቀየረ በሌላ መነሻ ይሠራል፤ ሁለቱ ሳይስተካከሉ ቢቀላቀሉ ነጥቡ ከ200 ሜትር በላይ ይሸሻል። ያ ስህተት የኛን ድንጋይ ካለበት አውጥቶ ሰላማዊ ማሳ ላይ ያስቀምጠው ነበር።

የመንገዱ መሐንዲስ መጀመሪያ አልተዋጠለትም፤ መስመር ማዞር ወጪ ነው። ጠረጴዛ ላይ አልተከራከርነውም። ይዘነው ወጣንና ቀዩን አፈር ላይም ታችም በእጁ አስነካነው፣ የአባባን ካብ አሳየነው። መስመሩ ከጠባሳው በላይ ወዳለው ጠፍጣፋ ባዛልት ከፍ አለ። ለነሐሴው ምንጭም የውሃ መውረጃ ቦይ ዲዛይኑ ውስጥ ገባ።