ሻርሎትን በከንቱ ታዘብኳት

መጀመሪያ ያነበብኩት ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ነው። ከዶርም ጓደኛዬ የተዋስኩት፣ ጀርባው በፕላስተር የተለጠፈ መጽሐፍ። የእንግሊዛዊቷ ደራሲ የጄን ኦስተን «ፕራይድ ኤንድ ፕሬጁዲስ»። (አማርኛው ላይ ሁሌ እቸገራለሁ። «ኩራት» እሺ ይሁን። ሁለተኛውን «ጭፍን ጥላቻ» ስለው ይከብደኛል፣ «ቅድመ ፍርድ» ስለው ደግሞ ፍርድ ቤት ፍርድ ቤት ይለኛል።)

ያኔ ልቤ ያለው ዋናዎቹ ፍቅረኞች፣ ኤልዛቤትና ዳርሲ ላይ ነበር። እሷ በምላሷ ስትወጋው፣ እሱ ሲኮራ፣ ከዚያ ሲሸነፍ። ሻርሎት ሉካስ ግን አናደደችኝ። የኤልዛቤት የቅርብ ጓደኛ ናት። ኤልዛቤት «አላገባህም» ብላ የመለሰችውን ሚስተር ኮሊንስን፣ ያንን ወሬው የማያልቅ፣ ትልቅ ሰው ባየ ቁጥር የሚያጎነብስ ቄስ፣ ሦስት ቀን በቅጡ ሳይሞላ «እሺ» አለችው። መጽሐፉን አልጋው ላይ ወርውሬ «ምን ነክቷት ነው?» ብያለሁ።

ባለፈው ክረምት ደግሜ አነበብኩት። አሁን ሠላሳን አልፌያለሁ፣ የቤት ኪራይ እከፍላለሁ። እና በዚህኛው ንባብ ዳርሲን ትቼ ብር ስቆጥር ነው የከረምኩት።

ጄን ኦስተን ብሩን አልደበቀችውማ! አንድ ወንድ መንደሩ ውስጥ እግሩን ከማስገባቱ የዓመት ገቢው ከስሙ እኩል ይወራል። የዳርሲ ጓደኛ ቢንግሊ፦ ከ4 እስከ 5 ሺህ ፓውንድ። ዳርሲ፦ 10 ሺህ። የኤልዛቤት አባት ሚስተር ቤኔት፦ 2 ሺህ። ሁለት ሺህ ለዚያን ጊዜ ጥሩ ኑሮ ነው፤ ሠረገላ አለ፣ ምግብ አብሳይ አለ። ችግሩ ርስቱ ለወንድ ወራሽ ብቻ እንዲያልፍ በሕግ የታሰረ ነው። ቤኔት ደግሞ አምስት ሴቶች እንጂ ወንድ የለውም። ስለዚህ እሱ ዓይኑን የከደነ ዕለት ቤቱም መሬቱም ለሩቅ ዘመዱ ለኮሊንስ ይሆናል። ለእናትና ለአምስቱ ልጆች የሚተርፈው 5 ሺህ ፓውንድ ነው፣ ለእያንዳንዷ ልጅ ሲካፈል አንድ አንድ ሺህ። ይህ በ4 በመቶ ወለድ በዓመት 200 ፓውንድ ይሰጣል። ከ2 ሺህ ወደ 200። ለስድስት ሴት።

የኤልዛቤት ብቻዋን ሲሰላ በዓመት 40 ፓውንድ ነው፣ እሱም እናቷ ስትሞት። ይህን የነገረን ራሱ ኮሊንስ ነው፣ ያውም ጋብቻ ሲጠይቃት! «አንድ ሺህ ፓውንድ ብቻ እንዳለሽ አውቃለሁ፣ እሷም የምትደርስሽ ከእናትሽ ሞት በኋላ ነው፣ ግን ከተጋባን በኋላ አንድም ቀን አላነሳብሽም» ዓይነት ነገር። ሰውዬው እኮ ይህን እንደ ቸርነት ነው የቆጠረው።

ዳርሲ እንግዲህ የኤልዛቤትን 250 እጥፍ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ወይዘሮ ቤኔት አንድ ነገር ልበል። ሁላችንም ስቀንባታል። ትጮኻለች፣ «ነርቬን ነርቬን» ትላለች፣ ሰው ፊት ልጆቿን ታሳፍራለች። ግን በዚያ ቤት ነገ ምን እንበላለን ብላ የምትጨነቀው እሷ ብቻ ናት። የሚወደደው አባት፣ ያ ቀልደኛ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ገብቶ በሩን ይዘጋል። ወንድ ልጅ ይወለዳል፣ እሱም ሲያድግ አብረን የርስቱን እስር እናስፈታለን ብሎ ሲጠብቅ አንድም ሳንቲም አላጠራቀመም። አምስተኛዋም ሴት ሆነች፣ ከዚያም ተስፋ ሲቆረጥ ለቁጠባ ረፍዶ ነበር። እሱ ጨዋ፣ እሷ ሞኝ። በሃያ ዓመቴ እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው።

ወደ ሻርሎት ልመለስ።

ሻርሎት 27 ዓመቷ ነው። መልክ የላትም ይላል መጽሐፉ በግልጽ። አባቷ ሰር ዊልያም ሉካስ በትንሽዬዋ ከተማ ሜሪተን ነጋዴ ነበር፣ ደህና ገንዘብም ይዞ ነበር። ከንቲባ ሆኖ ለንጉሡ ንግግር አደረገና «ሰር» ተባለ። ጉዱ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። ማዕረጉ ራሱ ላይ ወጣና ሱቁን ተጠየፈው፣ ንግዱን ዘግቶ ከከተማው ወጣ ብሎ ቤት ያዘ፣ ሥራው ለሰው ሁሉ ትሕትና ማሳየት ብቻ ሆነ። ክብሩ ገቢውን በላው ማለት ነው። ልጆች ብዙ፣ ሻርሎት ወደ ትዳር ይዛ የምትገባው ገንዘብ ትንሽ። ስሟ «የሰር ልጅ» ስለሆነ ደግሞ ሱቅ ልትቆም አትችልም። የተማረች ድሃ ሴት ሊኖራት የሚችለው ሥራ የሰው ልጅ ማስተማር ነበር፣ ሰው ቤት አድራ። እኔን የከነከነኝ ይሄ ነው፤ የመደብ ነገር ሲነሳ ዳርሲ ዝቅ ብሎ ኤልዛቤትን አገባ የሚለውን እናወራለን፣ መደብ ይበልጥ የጨከነው ግን ትንሽ ከፍ ባሉት ላይ ነው። ወደ ላይ አይደርሱ፣ ወደ ታች አይመለሱ።

(የቢንግሊ እህቶችንም አስታውሱ። የኤልዛቤት አጎት ለንደን ውስጥ በነጋዴዎች ሰፈር በቺፕሳይድ አካባቢ ይኖራል ብለው በሳቅ ሲፈርሱ፣ የራሳቸው ሀብት ከየት የመጣ ነው? ከንግድ። አባታቸው ወደ 100 ሺህ ፓውንድ የሚጠጋ ጥሎ ሞተ፣ መሬት ሊገዛበት አስቦ ሳይደርስ ቀረ። ትናንት የታጠበ እጅ ዛሬ ያልታጠበውን ይጸየፋል።)

ሻርሎት «እሺ» ባለች ዕለት ቤቷ ውስጥ የሆነው አንድ ገጽ አይሞላም፣ ግን ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። እናትየው ወዲያው ሚስተር ቤኔት ስንት ዓመት ሊኖር ይችላል ብላ ማስላት ጀመረች። የጎረቤቷን ሞት! ታናናሽ እህቶቿ እኛም አንድ ሁለት ዓመት ቀደም ብለን ወደ ዳንሱ እንወጣለን ብለው ፈነጠዙ። ወንድሞቿ እፎይ አሉ፣ ሻርሎት ቆማ ቀርታ እዳችን ትሆናለች ብለው ሲሰጉ ነበርና። ቆሞ ቀር። ይህን ቃል በአማርኛ ማን ማስረዳት ያስፈልገዋል? ቤተሰቡ በሙሉ ተደሰተ፣ እያንዳንዱ በራሱ ምክንያት። ደስተኛ ትሆኛለሽ ወይ ብሎ የጠየቃት ግን የለም።

እሷ ራሷ ግን አልተታለለችም። ኮሊንስ ብልህ እንዳልሆነ፣ አብሮ መዋሉ እንደሚያሰለች፣ ፍቅሩም ከአፍ የማያልፍ እንደሆነ ታውቃለች። ለኤልዛቤት የነገረቻት አጭር ነው። እኔ የፍቅር ሰው አይደለሁም፣ ሆኜም አላውቅም፣ የምፈልገው የሚመች ቤት ነው። ኤልዛቤት ደነገጠች። እኔም አብሬያት።

እኔ እንኳ እንዲህ ያለ ጓደኛ ነበረችኝ። ስታገባ «ትወጂዋለሽ?» ብዬ ፊት ለፊት ጠየቅኳት፣ ጀግና ነኝ ብዬ። «የራሴን በር ቆልፌ መተኛት እፈልጋለሁ» አለችኝ። ሠርጓ ላይ ተቀምጬ ዶሮ ወጡን እየበላሁ በሆዴ ስታዘባት ነበር። መጽሐፉን ደግሜ ስጨርስ ደወልኩላት። ስለዚህ ነገር አላነሳንም፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ አወራን፣ ስለ ልጇ ጥርስ። ጥሩ ወሬ ነበር።

ደግሞ ሻርሎት ስለ ፍቅርም ቢሆን ከኤልዛቤት የተሻለ ታያለች። መጽሐፉ ሲጀምር የኤልዛቤት እህት ጄን ቢንግሊን ወድዳ ስሜቷን ትሸሽጋለች። ሻርሎት ምን አለች? ይህ ልጅ ካልታገዘ ይርቃል፣ የሚሰማትን ትንሽ አብዝታ ብታሳየው ይሻላል። ኤልዛቤት ሳቀችባት። ከብዙ ምዕራፎች በኋላ ዳርሲ በደብዳቤ ቢንግሊን ከጄን ለምን እንዳራቀው ሲያስረዳ፣ የልጅቷ ፊት ላይ ፍቅር አላየሁም አለ። ልክ ሻርሎት እንዳለችው! ኤልዛቤት ደብዳቤውን ስታነብ የሻርሎት አስተያየት ትዝ ይላታል፣ ግን መጽሐፉ እስኪያልቅ «ልክ ነበርሽ» ብላ አልነገረቻትም።

ኦስተን ይህን ኑሮ ከሩቅ አልነበረም የምታውቀው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1802፣ 27 ዓመት ሊሞላት ሁለት ሳምንት ሲቀራት፣ የትልቅ ርስት ወራሽ የሆነ የ21 ዓመት ወጣት ላግባሽ አላት። ማታ «እሺ» አለች። ጠዋት ተነስታ «ይቅርብኝ» አለች። አንድ ሌሊት! በዚያ ሌሊት ምን እንዳሰበች ማወቅ እንዴት እንደምመኝ። ከሁለት ዓመት ትንሽ አለፍ ብሎ አባቷ ሞተ፣ እሷና እህቷ ከእናታቸው ጋር የወንድሞቻቸውን እጅ ማየት ጀመሩ። ለእህቷ... ይቅርታ፣ ለወንድሟ ልጅ በጻፈችው ደብዳቤ ያለ ፍቅር ከማግባት ማንኛውም ነገር ይሻላል ትላለች፤ ለዚያችው ልጅ በሌላ ደብዳቤ ደግሞ ያላገቡ ሴቶች ድሃ የመሆን ክፉ አመል አለባቸው ብላ ትቀልዳለች። ሁለቱንም አምናበት ይመስለኛል። ይህን ልብ ወለድ እ.ኤ.አ. በ1813 ስታሳትም ሙሉ መብቱን የሸጠችው በ110 ፓውንድ ነው፣ 150 ተመኝታ ነበር። ዳርሲ በአራት ቀን የሚያገኘው ብር መሆኑ ነው።

ስለዚህ ለኤልዛቤት ሎተሪ አወጣችላት፣ በ27 ዓመቷ ዋዜማ ያለችውን እንቢታ ግን ለሻርሎት ገልብጣ ሰጠቻት ብዬ አስባለሁ። ግምቴ ነው፣ ተቃወሙኝ።

ከመጽሐፉ ሁሉ አሁን የምወደው ክፍል ኤልዛቤት ኮሊንስ ቄስ ወደሆነበት ወደ ሃንስፈርድ ድረስ ሻርሎትን ልትጠይቅ የሄደችበት ነው። ኮሊንስ ቤቱን እያዞረ ያሳያታል፣ ያጣሽውን እይ በሚል ዓይነት። የሩቁ ሜዳ ላይ ያሉትን ዛፎች ሳይቀር ቆጥሮ ይነግራታል። ደብሩን ለኮሊንስ የሰጠችው እመቤት ሌዲ ካትሪን ቁም ሳጥን ውስጥ መደርደሪያ እንዲሠራ መምከሯ እንኳ ታምር ሆኖ ይወራል። ባል የሚያሳፍር ነገር ሲናገር ሻርሎት ሰምታ እንዳልሰማች ትሆናለች። የአትክልት ሥራ ለጤና ጥሩ ነው እያለች ታበረታታዋለች፣ ውጭ እንዲውልላት ነዋ።

ኤልዛቤትን የገረማት ሻርሎት የምትቀመጥበት ክፍል ነው። ሰፋ ያለ፣ እይታውም ደስ የሚል ሌላ ክፍል እያለ ከኋላ በኩል ያለውን መርጣለች። ለምን ይሆን ብላ አሰበች፣ ከዚያ ገባት። የኮሊንስ ማንበቢያ ክፍል ወደ መንገዱ ነው የሚያየው፣ ሠረገላ ባለፈ ቁጥር እየሮጠ መጥቶ ያበስራል። ሻርሎት ፊት ለፊት ብትቀመጥ ኖሮ እሱም እሷ ዘንድ ይውል ነበር። የኋላው ክፍል የሚታይ ነገር የለውም፣ ስለዚህ እሱም የለም። ቤቱ ሁሉ የእሱ ነው፣ በዚያን ጊዜ ሕግ ያገባች ሴት የኔ የምትለው ንብረት አልነበራትም፣ ያንን የቀየረው ዋናው ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1882 ነው። እሷ ግን ከዚያ ቤት ውስጥ አንዲት ክፍል ቀማችው፣ ያለ አንዲት ቃል ጭቅጭቅ።

ኤልዛቤት ስትሰናበት ጓደኛዋን ለዚያ ሰው ትታ መሄዱ ከብዷት ዞር ብላ ታያታለች። ሻርሎት እንግዶቿ መሄዳቸው ቢያሳዝናትም እዘኑልኝ የምትል አትመስልም። ቤቷ፣ የቤት አያያዟ፣ ደብሯና ዶሮዎቿ ገና ለዛቸውን አላጡባትም ይላል ጽሑፉ። በሃያ ዓመቴ ዶሮዎቹን አይቼ ስቄ አልፌያለሁ። «ገና» የምትለዋን ቃል አላየኋትም ነበር።