ሁለቱ ጥ

ለእህል ማሸጊያ ከረጢት «ጥራጥሬ» የሚል ጽሑፍ እየሠራሁ ነበር። ደንበኛዬ ያረጀ ማህተም እንዲመስል ነው የፈለገችው። ያረጀ የሚመስል ፎንት ፎቶሾፕ ላይ ጫንኩና ጨረስኩ አልኩ።

እማዬ ሻይ ይዛልኝ ገባች። ዕድሜዋን መዝገብ ቤት ማህተም ስትመታ የኖረች ናት። አየት አደረገችና፣ «ሁለቱም ጥ አንድ ቦታ ላይ ነው እንዴ የተላጡት?»

እውነቷን ነው! ፎንት ያው አንዱን ፊደል ነው የሚደግመው።

ላጲስ በምላጭ ደልድዬ ቀለም አስነካሁት፤ ሳልጨምር ስድስት ጊዜ ወረቀት ላይ መታሁ። የመጀመሪያው ላይ ቀለሙ ከመሐል ተገፍቶ ጠርዙ ጠቁሯል። ስድስተኛው አቧራ ነው። አራተኛውን ወደድኩት። በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ስካን አድርጌ፣ በሌቭልስ ጥቁርና ነጩን ለይቼ፣ አስፍቼ፣ በንጹህ ፎንት እንደገና ለጻፍኩት ጽሑፍ ሌየር ማስክ (የፊደሉን ከፊል የሚደብቅ ሽፋን) አደረግኩት። ሁለቱ ጥ ተለያዩ።

(«ማህተሙ አይነበብም» ተብዬ ከመስኮት ስንቴ እንደተመለስኩ! አሁን እንዳይነበብ ለማድረግ ይከፈለኛል።)

እማዬ ግን አልረካችም። «ቀጥ ብሏል። ወረፋው በር ድረስ ሆኖ ማን ቀጥ አድርጎ ይመታል?»

ሦስት ዲግሪ አዘነበልኩት።