ጋሼ፣ ሽበቱን ይቀንሱት

ማተሚያ ቤት የእርማት ክፍል ስሠራ አጠገቤ ይቀመጡ የነበሩት ጋሼ 60 ሊሞላቸው ተቃረበ። ጡረታ መጣ ማለት ነው። ለሽኝታቸው ቀን የሚያነቡትን ግጥም ጻፉና ጠረጴዛዬ ላይ ጣል አደረጉት። «አንተም ትገጥም የለ? ለእርማት እንደሚመጣልን ፕሩፍ እየው። እንዳታዝንልኝ» አሉኝ።

ቀላል ትእዛዝ አይደለም። እኛ ዘንድ ግጥም ሲነበብ ወይ ይጨበጨባል ወይ ዝም ይባላል። በዚያ ላይ ታላቄ ናቸው። በዚያ ላይ የጻፉት ስለ እርጅናቸው ነው። «እዚህ ጋ ደከም ይላል» ብል ግጥሙ ይሁን ሰውዬው አይለይም።

ስለዚህ ከቀለም ቆጠራ ጀመርኩ፤ የስንኙን ክፍለ ድምፆች ከመቁጠር ማለት ነው። ቁጥር ማንንም አያስቀይምም። የግጥሙ ምጣኔ የወል ቤት የሚባለው ነው፤ ስንኙ 12 ቀለም፣ ስድስቱ ላይ ትንፋሽ ይወሰዳል። የሚቆጠረው ድምፁ እንጂ ፊደሉ አይደለም፤ «ጉልበት» አራት ፊደል ነው፣ ቀለሙ ግን ሁለት፦ ጉል፣ በት። ጮክ ብዬ አነበብኩት፦

ሽበቴ በዛና ጉልበቴ ሰነፈ፤
ዕድሜም እንደ ጥላ ከደጄ አለፈ።

ልኩ ንቅንቅ አይልም። ግን ይህን ያላረጀም ሰው ይጽፈዋል። ሽበት፣ ጥላ፣ ቀጥሎ ምርኩዝ፣ ቀጥሎ የምትጠልቅ ጀምበር።

«ጋሼ፣ እርስዎ ምርኩዝ ይዘው ያውቃሉ?»

ሳቁ። አራተኛ ፎቅ በደረጃ የሚወጡ ሰው ናቸው።

ከታች በእርሳስ የተሰረዘ ስንኝ አየሁ፦

«ት»ን ከ«ች» ለመለየት ወረቀቱን ይዤ ወደ መስኮት ሄድኩ።

«እሱን ተወው፣ ልክ አልመጣልኝም» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ስድስት ቀለም ተርፎታል። ግን ከገጹ ሁሉ የሳቸው ብቻ የሆነው እሱ ነበር። ሁለቱ ፊደላት የሚለያዩት አናት ላይ ባለች ጭረት ነው፤ ሰውዬው ደግሞ ያችን ጭረት ሲያሳድዱ ነው የኖሩት።

«‹ወረቀቱን ይዤ› ይውጣ። አራሚ ባዶ እጁን መስኮት ጋ ምን ይሠራል?» አልኩ። በጣታቸው ቆጠሩ። ስድስት፣ ስድስት። ያኔውኑ ጓደኛ ፈለጉለት፦

የሰው ፊደል ሳርም ዘመኔን ጨረስኩ፤
«ት»ን ከ«ች» ለመለየት ወደ መስኮት ሄድኩ።

ምርኩዙና ጀምበሯ ወጡ። «ጥላውን ግን አልሰጥህም፣ አለቆች ይወዱታል» አሉ።

እንዳሉትም በሽኝቱ ቀን አለቆቹ ጥላው ላይ አጨበጨቡ። እኛ የእርማት ክፍሎች መስኮቱ ላይ በሳቅ ፈነዳን። አንዱ አለቃ ጎኑ ወዳለው ዘንበል ብሎ «ምኑ ነው የሚያስቀው?» ሲል ሰማሁት።