የጎደለው ቼሎ

ደሴ ውስጥ በአንድ የወጣቶች ማዕከል የባህል ሙዚቃ አሠልጣኝ ሆኜ በምሠራበት ጊዜ፣ ከ2014ቱ ጦርነት በኋላ ከተቀበልናቸው ሠልጣኞች መካከል አባቱን በጦርነቱ ያጣ የ17 ዓመት ልጅ ነበር። መሰንቆ ይማር ነበር፤ ይማር ነበር ከምል ግን መሰንቆዎቹን ያስታምም ነበር ብል ለእውነቱ ይቀርባል። በክረምት የጦሳ ተራራ ጭጋግ ወርዶ ክፍሉን ሲያረጥበው የመሰንቆ ቆዳ ይረግባል፤ ድምፁም ጉንፋን እንደያዘው ሰው ይታፈናል። ልጁ ከሁላችን ቀድሞ እየመጣ፣ ከጥበቃው ፍም ለምኖ፣ ስድስቱን መሰንቆዎች ተራ በተራ ከማንደጃው በላይ ከፍ አድርጎ በመያዝ፣ በመዳፉ ጀርባ ሙቀቱን እየለካ ቆዳቸውን ያሞቅ ነበር። ከዚያ የደጋኑን ጭራ ዕጣን አሽቶ አንድ ጊዜ ብቻ ሳብ ያደርገውና አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል።

የምስክር ወረቀት የሚሰጥበት ቀን ሲቃረብ መርሐ ግብሩን የማዘጋጀቱ ኃላፊነት ለእኔ ተሰጠኝ። በዚያ ሰሞን ስለ አኒታ ላስከር ዋልፊሽ አንብቤ ልቤ ተነክቶ ስለነበር «ሙዚቃ ይፈውሳል» የሚል ርዕስ መረጥኩና ታሪኳን በሁለት ገጽ አሳጥሬ ለሠልጣኞቹ አነበብኩላቸው።

አኒታ እ.ኤ.አ. በ1925 ብሬስላው በምትባለው፣ ያኔ የጀርመን ዛሬ የፖላንድ በሆነችው ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደች። በ1942 ናዚዎች ወላጆቿን ወስደው ሲገድሏቸው ገና 16 ዓመቷ ነበር። በ1943 መጨረሻ አውሽዊትዝ ወደሚባለው የናዚዎች የሞት ካምፕ ተወሰደች። እዚያ ፀጉሯን ለምትላጫት እስረኛ በወሬ መካከል ቼሎ የሚባለውን በደጋን የሚጫወቱት ትልቅ የክር መሣሪያ እጫወት ነበር ብላ ተናገረች፤ በካምፑ የሴቶች ኦርኬስትራ ውስጥ ደግሞ በዚያ ሰዓት የጠፋው ቼሎ ተጫዋች ነበር። የኦርኬስትራው መሪ የዝነኛው የሙዚቃ አቀናባሪ የጉስታቭ ማህለር የእህት ልጅ አልማ ሮዘ ነበረች። ሥራቸው እስረኞች ጠዋት ወደ ጉልበት ሥራ ሲወጡና ማታ ሲመለሱ በር ላይ ማርሽ መጫወት ነበር። አልማ በ1944 ሞተች፤ አኒታ በርገን ቤልሰን ወደሚባል ሌላ የናዚ ካምፕ ተዛወረች፤ የእንግሊዝ ጦር ኤፕሪል 15 ቀን 1945 ደርሶ ነፃ አወጣት።

አንብቤ ስጨርስ ልጁ እጁን አወጣ። «ጋሼ፣ ያዳናት ሙዚቃው ነው ወይስ ቼሎ የሚጫወት ሰው መጥፋቱ?» አለኝ። ሁለቱም ነው ብዬ ለማለፍ ስሞክር፣ «ያ ሜንገሌ ያሉት የካምፑ ሐኪም ተጫወችልኝ ሲላት ደስ ብሏት ነው የተጫወተችው?» ሲል ደገመኝ። ሜንገሌ መጥቶ የጀርመናዊውን አቀናባሪ የሹማንን አንድ ዜማ እንዳስጫወታት ያነበብኩላቸው እኔው ነበርኩ። መልስ አልነበረኝም፤ ሰዓት አልቋል አልኩና ወጣሁ። ከጥያቄው ይልቅ የራሴ ርዕስ እንዳይበላሽብኝ መስጋቴን ዛሬ ላይ ሳስበው ያሳፍረኛል።

በመርሐ ግብሩ ሦስተኛ ተራ ላይ ስሙን ጻፍኩት፤ በአጭሩ የደረሰበትን ይናገራል፣ ቀጥሎም ትዝታ ይጫወታል። እሺም እንቢም አላለም፤ እኔም ዝምታውን እንደ እሺታ ቆጠርኩት። በዕለቱ በድምፅ ማጉያ ሦስት ጊዜ ጠራሁት። በወንበሩ ላይ በሚገባ የተቃኘ መሰንቆ ተቀምጧል፤ ልጁ የለም።

ቡና የሚያፈሉልን እናት እንግዶቹ ከወጡ በኋላ ሲኒ እየሰበሰቡ፣ «መምህር፣ የልጁን ሐዘን እኮ ለእንግዳ አቀረብከው። ቡና እንኳ ሲቀርብ ስኳር ወይስ ጨው ተብሎ ይጠየቃል» አሉኝ።

ያን ሌሊት የአኒታን ታሪክ እንደገና ሳነበው የዘለልኳቸው ነገሮች ታዩኝ። በ1946 እንግሊዝ ገብታ የኢንግሊሽ ቻምበር ኦርኬስትራ መሥራች አባል ሆነች፤ ለዓመታት የኖረችው ከሌሎች ቼሎ ተጫዋቾች ጎን ተቀምጣ፣ ልምምድ ሠርታ፣ ደመወዝ ተቀብላ ነው። ለገዛ ልጆቿ እንኳ ያለፈውን ለብዙ ጊዜ አልነገረቻቸውም፤ በጀርመን ፓርላማ የተናገረችው በ2018 በ92 ዓመቷ ነው። አልማንም የምታመሰግነው በጥብቅነቷ ነው፤ ከሬሳ ማቃጠያው ጭስ ይልቅ ስለ ኖታው ትክክለኛነት እንዲጨነቁ ታስገድዳቸው ስለነበር። እኔ ፈውስ ብዬ የጠራሁትን እሷ በሥራነቱ ነበር የኖረችው።

ልጁ በአራተኛው ቀን ተመልሶ መጣ። ይቅርታ ስጠይቀው ዓይኑን ከማንደጃው ሳያነሳ «ምንም አይደል ጋሼ» አለ። ምን መሥራት እንደሚፈልግ ያን ጊዜ ገና ጠየቅኩት። ከኋላ ረድፍ ማጀብና ታናናሾቹን ቅኝት ማስተማር እንደሚፈልግ ነገረኝ። አምባሰልንና ባቲን ሲያስተምር ሰማሁት፤ ሁለቱም ቅኝቶች የወሎ አገር ስም መያዛቸውን እየነገረ፣ ጣታቸውን በጭራው ላይ ራሱ እያስቀመጠላቸው፣ ሲሳሳቱም እንደ አልማ ያለ ምሕረት እያስደገማቸው።

አንድ ጠዋት ቀድሜ ስደርስ ከክፍሉ የመንዙማ ዜማ በመሰንቆ ሲሰማ በሩ ላይ ቆምኩ። አባቱ በሐድራ ላይ መንዙማ ያዜሙ እንደነበር ከጓደኞቹ ሰምቻለሁ። አልገባሁም፤ ስለ ዜማውም እስከ ዛሬ አልጠየቅኩትም። ወደ ቢሮ ሄጄ የዕቃ መጠየቂያ ቅጽ ሞላሁና ለክረምቱ ሁለት ማዳበሪያ ከሰል ጠየቅኩ። የፋይናንስ ሠራተኛዋ ቅጹን ሁለት ጊዜ አንብባ፣ «የሙዚቃ ክፍል ከሰል ምን ያደርግለታል?» አለችኝ።