ዘጠነኛው ጥፋት

ሊዝበን፣ እሁድ ማታ

የጎማው ድምፅ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

ከታች ያሉት ጎረቤቴ አዛውንት «ኦኬይ ሳታይ ሊዝበን ኖርኩ እንዳትል» እያሉ ሲወተውቱኝ ከርመው ዛሬ ይዘውኝ ሄዱ። ካምፖ ግራንዴ ከሜትሮ ወርደን፣ የአልቫላዴን ስታዲየም አልፈን ጆአው ሮሻ አዳራሽ ገባን። ኦኬይ የሚሉት በባለ ጎማ ስኬት ጫማ የሚጫወቱትን ሆኪ ነው። ቡድኑ ስፖርቲንግ ነው፤ ሰው ሁሉ በእግር ኳሱ የሚያውቀው ክለብ። በ1906 (እ.ኤ.አ.) የተመሠረተው ይህ ክለብ ግን የብዙ ስፖርት ቤት ነው። በ1984 ሎስ አንጀለስ ላይ ማራቶን ያሸነፈው ካርሎስ ሎፔዝም የዚሁ ቤት ልጅ ነው።

እኔ ልጅ ሆኜ መስቀል አደባባይ ስነዳ የኖርኩት ጎማዎቹ በአንድ መስመር የተደረደሩበትን ነበር። የእነዚህ እንደ መኪና ሁለት ከፊት፣ ሁለት ከኋላ ነው። ዱላቸው ጫፉ ጎበጥ ያለ፣ ቁርጥ የገና ዱላ። በየቡድኑ አራት ተጫዋችና አንድ በረኛ፤ ኳሷ 155 ግራም ብቻ ብትሆንም ጠንካራ ናት፤ የሜዳውን አጥር ስትመታ ወንበሬ ድረስ ተሰማኝ።

ሁለተኛው አጋማሽ ላይ አዳራሹ በአንዴ ዝም አለ። ምን እንደሆነ አልገባኝም። አዛውንቱ በአገጫቸው ሰሌዳውን አሳዩኝ፦ የእኛ ቡድን ጥፋት ዘጠኝ ደርሷል። አሥር ከሞላ ለተጋጣሚ ቀጥታ ምት ነው፤ አንድ ሰው ከበረኛው ጋር ብቻ ለብቻ። ብዙም አልቆየ፣ ሞላ። በረኛው ጎሉ አፍ ላይ ዝቅ ብሎ ተንበረከከ። ጎሉ 1 ሜትር ከ70 ስፋት፣ 1 ሜትር ከ5 ከፍታ ብቻ ነው፤ ተንበርክኮም ሞላው። መቺው እየተንሸራተተ መጣ፣ ዱላውን አንዴ አታለለ፣ ሁለቴ። የበረኛው ጉልበት ንቅንቅ አላለም። ኳሷ እግር መከላከያው ላይ ስታርፍ «ጧ!» አለ፤ አዛውንቱ እጄን ጨምድደው ይዘውት እንደነበር ያወቅሁት ሲለቁኝ ነው።

በእረፍት ሰዓት ታሪኩን ነግረውኝ ነበር። በ1977 ስፖርቲንግ የአውሮፓን ዋንጫ ሲያነሣ ከፖርቱጋል የመጀመሪያው ነበር። አምስቱን በጣታቸው ቆጠሩልኝ፦ ራማልዬቴ በረኛው፣ ሬንዴይሮ፣ ሶብሪኞ፣ ሻና፣ ሊቭራሜንቶ። አውራ ጣታቸው ላይ ሲደርሱ፣ ሊቭራሜንቶ ላይ፣ ቆም አሉ። ዛሬ የፖርቱጋል ሱፐር ካፕ በእሱ ስም ይጠራል።

ከዚያ በ1990ዎቹ ክለቡ ሆኪውን ዘጋው። እኔን እዚህ ላይ ነው ያመመኝ። እግር ኳስ ባለበት ቤት ሌላው ስፖርት የእንጀራ ልጅ ነው፤ ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቆረጠው የእሱ ነው። ያን የመሰለ ታሪክ ያለው ቡድን መዘጋት አልነበረበትም፤ ይህን ማንም ሊያስረዳኝ አይችልም። ቡድኑ እንደገና ተመሥርቶ ከታችኛው ዲቪዚዮን እየተጫወተ ወጣ። ዛሬ የተቀመጥንበት አዳራሽ የተከፈተው በ2017 ነው፤ ለግንባታው ደጋፊው ከኪሱ አዋጥቷል። አዛውንቱም ከጡረታቸው ሰጥተዋል። በዓመቱ በ2018፣ ከ30 ዓመት በኋላ የሊጉን ዋንጫ አነሡ። በ2019 ደግሞ እዚሁ አዳራሽ ፖርቶን 5 ለ 2 አሸንፈው የአውሮፓን ዋንጫ ወሰዱ። ከ1977 ወዲህ 42 ዓመት።

«ያን ቀን የት ተቀምጠው ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አልተቀመጥኩም» አሉኝ።

ቤት ስገባ ለእናቴ ደወልኩ። ጊዮርጊስ ተሳልማ መመለሷ ነው።

«እማዬ፣ ያ ከሰልባጅ የገዛሽልኝ ስኬት አለ?»

«አልጋህ ሥር ነዋ፤ የት ይሄዳል? አንዱ ጎማው ወልቋል እንጂ» አለች። «ምነው ልጄ፣ ደህና ነህ?»